የመጀመሪያው ዙም ሌንስ፤ ገንዘባችንን ለርቀት ወይስ ለብርሃን?

‹‹ዙም›› ሲባል በገበያችን የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሩቁን ማቅረብ። ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ሰው ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው አጭር ሌንስ ያንስበትና ሌላ ማፈላለግ ይጀምራል። ለሻጩ ወይም ለደላላው የሚያቀርበው ጥያቄም ‹‹ስንት ኤክስ ነው? እስከ ስንት ድረስ ይስባል?›› የሚል ነው። ብርሃን ምን ያህል ያስገባል ብሎ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ግን፣ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚኖርና ፎቶግራፍን ለፍላጎቱ ለሚያነሳ ሰው የመጀመሪያው ዙም ሌንስ አጭር፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ፣ ከተቻለም ያገለገለ መሆን አለበት። ረጅሙ ሁለተኛ ሆኖ ይምጣ። ለአንዳንዱ ሰው ጨርሶ ባይመጣም ጉዳት የለውም።

የትርፍ ጊዜ መዝናኛ በገበያ ገጽ ላይ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ያለው በምንዛሪው ላይ ነው። ሌንስ አገር ውስጥ አይመረትም፤ በጉምሩክም ገባ በመንገደኛ ሻንጣ፣ ዋጋው የሚሰላው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከ130 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ ውጭ አገር 300 ዶላር የሚያወጣ ሌንስ ቀድሞ 17 ሺሕ 100 ብር የነበረው፣ በ130 ብር ሲሰላ 39 ሺሕ ብር ይሆናል ማለት ነው። ይህ እንግዲህ የማጓጓዣው፣ የቀረጡ፣ 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ነው። በ1985 ዓ.ም. ብር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወርድ በንግድ ላይ የነበሩ አባቶቻችን ይህን ስሜት ያውቁታል። ትናንት ‹‹ልሞክረው›› ተብሎ የሚገዛ ዕቃ በአንድ ሌሊት ተመክሮበት የሚገዛ ዕቃ ይሆናል።

ያገለገለውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ሌንስ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ የሚሸጠው በገዛበት ዋጋ ሳይሆን አዲሱን ለመተካት በሚያስፈልገው ዋጋ ልክ ነው። ስለዚህ አንድ የደሴ ጨርቅ ነጋዴ ወይም አንድ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ለሌንስ የሚያወጣው ገንዘብ፣ በሱቅ ዕቃ ላይ ወይም በዕቁብ ላይ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ያላግባብ የተገዛ ሌንስ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ የሚውል ካፒታል ነው።

በመጀመሪያ ‹‹ኤክስ›› የሚለውን መለኪያ እንመርምረው። ኤክስ ማለት የሌንሱ ትልቁ ቁጥር ለትንሹ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው፤ ከዚህ ያለፈ ምስጢር የለውም። ከካሜራ ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ 3 ኤክስ ነው። ከ75 እስከ 300 ያለው 4 ኤክስ ነው። ከ18 እስከ 200 ያለው ደግሞ 11 ኤክስ ይሆናል። የጋዜጣና የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚሸከሙት፣ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝነውና ዋጋው ከሁሉም የሚያሻቅበው ከ70 እስከ 200 ያለው ኤፍ 2.8 ሌንስ ግን 3 ኤክስ እንኳ አይሞላም! በኤክስ የሚገዛ ሰው ቢሆን ይህን ሌንስ በርካሽ ዋጋ እንኳ አይወስደውም ነበር። ለፎቶ ካሜራ የተሠራው የመጀመሪያው ዙም ሌንስ በ1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1959) ለገበያ የቀረበው የፎክትሌንደር ዙማር ነው። እሱም ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ብርሃኑም ኤፍ 2.8 የሆነ ነበር። ዙም ሲፈጠር የታሰበው ሰው ቆሞ ባለበት ቦታ ሌንስ ሳይቀያይር ክፈፉን እንዲያጠብና እንዲያሰፋ እንጂ ተራራ ማዶ ያለውን እንዲስብ አልነበረም።

ዋጋን በእውነት የሚወስነው በሌንሱ ዙሪያ የተጻፈው ሌላው ቁጥር ነው። ኤፍ 2.8፣ ኤፍ 4፣ ኤፍ 5.6 የሚሉት ቁጥሮች ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ይናገራሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከ2.8 ወደ 4 ሲኬድ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ4 ወደ 5.6 ሲኬድ እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ኤፍ 5.6 የሚያስገባው ብርሃን የኤፍ 2.8 ሩብ ነው። ይህን ወደ ሥራ እንመልሰው። አንድ ክፍል ውስጥ ኤፍ 2.8 ያለው ሌንስ በሰከንድ አንድ ስድሳኛ ፎቶውን ሲጨርስ፣ ኤፍ 5.6 ያለው ለዚያው ፎቶ የሰከንድ አንድ አሥራ አምስተኛ ያስፈልገዋል። በአንድ ስድሳኛ የሚነሳ ሰው ፈገግ ብሎ ይወጣል፤ በአንድ አሥራ አምስተኛ የሚነሳው ግን ጭንቅላቱን ትንሽ ካዞረ ጭጋግ መስሎ ይወጣል።

‹‹ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ነው›› የሚል ሻጭ እዚህ ላይ ጣልቃ ይገባል። ማረጋጊያው ጥሩ ነገር ነው፤ የያዥውን እጅ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። የሚጨፍረውን ሙሽራ ግን አያቆመውም። አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንይዛቸው ዓመታት ያስቆጠሩ ካሜራዎች ከፍ ሲል አሸዋ የተነሰነሰበት ፎቶ ይሰጣሉ።

ለመሆኑ እኛ የምናነሳው የትና ምን ነው? ይህ ጥያቄ ከሌንስ ዝርዝር በፊት ሊመለስ ይገባል። አንድ የደሴ አማተር በዓመት ውስጥ ያነሳቸውን ፎቶዎች ቢያገላብጥ የሚያገኘው የወንድሙን ሠርግ፣ በድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ሽማግሌዎችን፣ እጣኑ የሚጨስበት የቡና ሥርዓት፣ የልጁን ልደት፣ ሌሊቱን በአንድ አምፖል የሚደምቅ የመንዙማ ጉባዔ፣ የቅዳሴ መውጫ፣ የሱቁን ዕቃ ነው። ነጋዴ ከሆነ በቴሌግራም የሚለጥፈው የሸቀጥ ፎቶ ይታከልበታል። ከእነዚህ ውስጥ ከአምስት ሜትር በላይ የሚርቀው ስንቱ ነው? አብዛኛው በክንድ ርቀት፣ ጣሪያ ሥር፣ ብርሃን በጎደለበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺሕ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ክረምት ሲገባ ጉሙ እስከ ደጃፍ የሚወርድባት ከተማ ናት። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ኤፍ 5.6 ይዞ የሚንጎራደድ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሞከረው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ሳይነሳ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ወሎ ለዓለም የታየችው በአብዛኛው በሌላ ሰው ካሜራ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም የሞሐመድ አሚን ምስል ዓለምን ዞረ። ሁለቱም ባይታዩ ኖሮ የጠፋው ሕይወት በበዛ ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የወሎ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል፣ ሠርጉ፣ ጓዳው፣ የልብስ ሰፊው መኪና፣ የሽማግሌው ዱዓ በእንግዳ ካሜራ አይያዝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ጉዳትና ዝርፊያ ደርሶበታል፤ ብዙ ቤተሰብም ንብረቱን አጥቷል። ቀድሞ በፎቶ ተይዞ የነበረ ዕቃ ቢያንስ ‹‹ይህን ይመስል ነበር›› ለመባል በቅቷል። ይህን የሚያደርገው የሰፈሩ ሰው ነው፤ የሚያደርገውም ቤት ገብቶ፣ ተጠግቶ፣ በደብዛዛ ብርሃን ነው። የሌንስ ምርጫው ከዚህም ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

‹‹አገራችን ተራራ ናት፤ ተራራ ደግሞ ረጅም ሌንስ ይፈልጋል›› የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ካርታ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል። ከላይ ሆኖ ወደ ቦርከና ሜዳ የሚመለከት ሰው በረጅም ሌንስ የኮምቦልቻን ጣሪያዎች መልቀም ያምረዋል። ይሁንና በመሐሉ ያለው ብዙ ኪሎ ሜትር አየር ነው። ረጅም ሌንስ ቤቱን ሲያቀርብ በመሐል ያለውን አቧራ፣ ጭስና ከሜዳው የሚነሳውን የሙቀት እንፋሎት አብሮ ያቀርባል። እኩለ ቀን ላይ የተነሳ እንዲህ ያለ ፎቶ ውኃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል፤ ገዢውም ሌንሱን ያማል። ጥፋቱ የአየሩ እንጂ የሌንሱ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ወይም ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ሲታጠብ ጥሩ ፎቶ ይገኛል። ያኔ ግን የጦሳን ተራራ ከነከተማዋ ለማስገባት የሚፈለገው የሌንሱ አጭር ጫፍ ነው።

ተቃራኒውን ክርክር ማሳነስ አልፈልግም። ከሁሉም ጠንካራው እንዲህ የሚለው ነው፤ ‹‹ቅርቡን ስልኬ ያነሳልኛል። ካሜራ የምይዘው ስልኬ የማይችለውን ሩቁን እንዲያነሳልኝ ነው።›› በቀን ብርሃን ይህ እውነት ነው። ስልክ በጠራ ብርሃን የሚያነሳው ሰፊ ፎቶ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ማታ ግን ስልኩ ብዙ ፎቶዎችን ደራርቦ አንድ ስለሚያደርግ የሚንቀሳቀስ ፊት ይፈስበታል፤ ትልቅ የምስል መቀበያ ያለው ካሜራ ከኤፍ 2.8 ሌንስ ጋር የሚበልጠውም እዚያ ላይ ነው። በተጨማሪም ረጅም ሌንስ የግድ የሚልባቸው ቀናት አሉ። መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ ከአምባው ጫፍ ላይ ሆኖ ዳገቱን የሚወጣውን ምዕመን ማንሳት፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የሐይቅ ውኃ ላይ ወፍ ማሳደድ በ50 ሚሊ ሜትር የሚሆን አይደለም። ወፍ የሚወድ ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ትቶ ረጅሙን ቢገዛ አልቀየመውም።

የባቲ የሰኞ ገበያ ግን ሌላ ነው። ረጅም ሌንስ የያዙ ሰዎች ባቲን ይወዷታል፤ ጥግ ይዘው ከሩቅ ፊት ይለቅማሉ። እኔ ይህን አልደግፈውም። የወሎ ሰው ሰላም ያለውን፣ ቁጭ ብሎ ያወጋውንና ፈቃድ የጠየቀውን ሰው አይከለክልም። ከሃያ ሜትር የተሰረቀ ፊት ደግሞ ሁልጊዜም የተሰረቀ ፊት ሆኖ ይቀራል፤ በፎቶው ላይ ይታያል። ከዚህም በላይ ባለንበት ጊዜ ረጅም ሌንስ አንግቦ በከተማ መሐል መዞር ዓይን ይስባል፤ ‹‹ምንድን ነው የምታነሳው?›› የሚል ጥያቄም ያመጣል። አጭር ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ከሰው ጋርም ያግባባል።

እንግዲህ ግምት ይበቃል፤ ነጋዴ የሚያምነው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ደግሞ አለ። ዲጂታል ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር እንዳነሳ ፋይሉ ላይ ይጽፋል። ፎቶውን በኮምፒዩተር ከፍቶ ‹‹ፕሮፐርቲስ›› የሚለውን ማየት ይበቃል። ገዢው ከካሜራው ጋር በመጣው ከ18 እስከ 55 በሆነ ሌንስ ያነሳቸውን የመጨረሻዎቹን 200 ወይም 300 ፎቶዎች ይውሰድና በወረቀት ላይ ይመዝግብ። ስንቱ በ18 ነው? ስንቱ በመሐል ነው? ስንቱ በ55 ጫፍ ላይ ነው? በተጓዳኝም ስንቱ ብርሃን አንሶት እንደተበላሸ ይቁጠር። አብዛኛው በ18 እና በ35 መሐል ከሆነና የተበላሸው በብርሃን እጦት ከሆነ፣ 300 ሚሊ ሜትር የሚገዛበት አንዳችም ምክንያት የለም። ግማሽ በላዩ በ55 ላይ ተጠራቅሞ ከተገኘና ፎቶው ሜዳ ላይ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ርቀት በእርግጥ አንሶታል ማለት ነው። አንዳንዴ ግን 55 ላይ የሚከማቸው ሰውየው ሁለት እርምጃ መራመድ ስላፈረ ብቻ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በነፃ ይገኛል።

መዝገቡ ‹‹ብርሃን›› ካለ፣ ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው መለስተኛ መጠን ለሚሠሩት ለብዙዎቹ የካኖንና የኒኮን ካሜራዎች በያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ የሚፈለጉት ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ከ17 እስከ 50 ኤፍ 2.8 የሆነው ታምሮን ነው፤ ማረጋጊያ የሌለው የመጀመሪያው ዓይነት በምስል ጥራቱ እስከ ዛሬ ይመሰገናል፣ ዋጋውም ይቀላል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ተመሳሳይ ርቀትና ብርሃን ያለው፣ ማረጋጊያም የታከለበት ሲግማ ነው። ሁለቱም በካኖን ላይ ሲገጠሙ በሙሉ ፍሬም ቋንቋ ከ27 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ይህም ከድንኳን ሙሉ ዕድምተኛ እስከ አንድ ሰው ፊት ድረስ ያደርሳል። መስታወት አልባ ለሆኑት ለአዲሶቹ የሶኒ ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ከ18 እስከ 50 ኤፍ 2.8 ሲግማ አለ፤ ክብደቱ 300 ግራም አይሞላም።

መዝገቡ ‹‹ርቀት›› ካለ ደግሞ በካኖን በኩል ከ55 እስከ 250 ያለውና ማረጋጊያ ያለው ኤስቲኤም ሌንስ ከ75 እስከ 300 ካለው እጅግ ይሻላል። 300ው እ.ኤ.አ. በ1999 በመጨረሻ የታደሰ፣ ማረጋጊያ የሌለው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚለሰልስ ዕቃ ነው። በገበያ ላይ ግን 300 ከ250 ይበልጣልና በዚያው ይሸጣል። ከ18 እስከ 200 ያለውን ‹‹ሁሉን ልያዝ›› ሌንስ በተመለከተ፣ ሌንስ መቀያየር ለሚሰለቸው ተጓዥ ይሆናል። በብርሃን በኩል ግን ከኪት ሌንሱ የሚሻልበት ምንም ነገር ስለሌለ ችግሩን አይፈታም፤ ገንዘቡን ብቻ ይወስዳል።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። ያገለገለ ሌንስ ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ገዢው የማያውቅበት ገበያ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈውና በ2001 የኖቤል ሽልማት ላበቃው ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ባለ ገበያ ገዢው መጥፎው ይደርሰኝ ይሆናል ብሎ ስለሚሰጋ ዋጋ ይቀንሳል፤ ዋጋው ሲቀንስም ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ በመጨረሻም በገበያው ላይ መጥፎው ይበዛል። አከርሎፍ የጻፈው ስለ አሮጌ መኪና ነበር። አሜሪካኖች ጉድለቱ ተሸፍኖ የተሸጠ መኪናን ‹‹ሎሚ›› ይሉታል። በእኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት የሚወረወር ነውና ነገሩ ለጆሮ ግር ይላል። የሆነ ሆኖ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ወይ ዋስትና ማግኘት፣ ወይ መፈተሽ። በእኛ ገበያ ላገለገለ ሌንስ የሚሰጠው ዋስትና የደላላው ‹‹በእኔ ይሁንብህ›› ነው። ስለዚህ መፈተሽ ይቀራል።

ፍተሻው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የስልክ ባትሪ በአንድ በኩል አብርቶ በሌላው በኩል በሌንሱ ውስጥ ማየት። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት አያስፈራም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ከታየ ግን ሻጋታ ነውና መተው ይሻላል። በእርጥብ ክረምት ከቦርሳ ሳይወጣ የከረመ ሌንስ ይህ ያገኘዋል። የዙሙን ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞር፤ አሸዋ ሲፈጭ ከተሰማ ወይም ሌንሱ ወደ ታች ሲዘነበል በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከወጣ ዋጋ መቀነሻ ነው። ከዚያ ገዢው የራሱን ካሜራ ይግጠምበት። የራሱን ካሜራ ሳይዝ ሌንስ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሚዛን ሳይዝ ማር እንደሚገዛ ነው። ይህን የጋዜጣ ገጽ ከጎኑ ካለው ጋር ዘርግቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ በትልቁ ቀዳዳ ያንሳና ምስሉን አጉልቶ አራቱን ማዕዘኖች ያንብብ። ማዕዘኖቹ ከመሐሉ ትንሽ መለስለሳቸው የተለመደ ነው። የግራው ጽሑፍ እየተነበበ የቀኙ ከደበዘዘ ግን ሌንሱ ወድቋል ወይም ውስጡ ተነቅንቋል ማለት ነው። ሻጩ ‹‹ፎከሱ ነው›› ቢል አይሰማ።

የማይገጣጠም ዕቃ የሚገዛም ብዙ ነው። ኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 በሚባሉት ተከታታይ ካሜራዎቹ ውስጥ የፎከስ ሞተር አላስገባም፤ ስለዚህ ‹‹ኤኤፍ›› ብቻ የሚል የቆየ ሌንስ ቢገጠምባቸው በእጅ ካልሆነ አያተኩርም። ‹‹ኤኤፍ-ኤስ›› የሚለው ያስፈልጋል። ‹‹ኤኤፍ-ፒ›› የሚለው አዲሱ ደግሞ እንደ ዲ3100 እና ዲ5100 ባሉት ቆየት ያሉ ካሜራዎች ላይ አይሠራም። የካኖን ‹‹ኢኤፍ-ኤስ›› ሌንስ እንደ 6ዲ ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ ከናካቴው አይገባም። ርካሽ ሆኖ የተገኘ ሌንስ ለምን እንደ ረከሰ መጠየቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ዳግም ሽያጭ ለሚያስብ ኢንቨስተር አንድ ነገር ልጨምር። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 መስታወት አልባ ካሜራዎችን በአዲስ የሌንስ መግጠሚያ አውጥተዋል፤ አዳዲስ ሌንሶቻቸውም በዚያ በኩል ናቸው። ይህ በውጭ አገር የቀድሞዎቹን ሌንሶች በገፍ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ አፍስሷቸዋል። ለገዢ መልካም ነው። ለሸጠው ግን በዶላር ያለው ዋጋ እየወረደ መሄዱ አይቀርም። ለጊዜው የብር መርከስ ያንን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። አሮጌው የካኖን ሌንስ በመሸጋገሪያ ቀለበት በአዲሱ ካሜራ ላይ ስለሚሠራ ከናካቴው አይወድቅም። ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ደግሞ የሠርግ ፎቶ አንሺው ሁልጊዜ ስለሚፈልገው ቶሎ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ርካሹ 300 ግን ሻጩ ብዙ ገዢው አማተር ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። አንድ ሰው ኤፍ 2.8ውን በ40 ሺሕ ብር ገዝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በ32 ሺሕ ብር ቢሸጠውና በመሐሉ 100 ቀን ቢጠቀምበት፣ ያገለገለበት እያንዳንዱ ቀን 80 ብር ፈጀበት ማለት ነው። ሌላው ረጅሙን በ20 ሺሕ ገዝቶ በ14 ሺሕ ቢሸጠውና በሁለት ዓመት ውስጥ ያወጣው ለስድስት ቀን ብቻ ቢሆን፣ ቀኑ 1 ሺሕ ብር ወጥቶበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ለግሸን ሰሞን ከፎቶ ቤት ወይም ከወዳጅ ተከራይቶ መሄድ ይረክስለታል። የመግዣው ጊዜም ቢሆን ይመረጣል። የሠርግ ወራት የሆኑት ጥርና ሚያዝያ ሲቃረቡ ባለሙያው ዕቃውን አይለቅም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሥራ ሲቀዘቅዝ ለመደራደር ፊት ይሰጣል። ሻጋታውን ለማየትም ክረምቱ ይመቻል።

ከ75 እስከ 300 ያለውን ቀድሞ የገዛ አንባቢ ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ። በ200 ይገታው፤ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ያጥብበው፤ ፍጥነቱን ከሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ አያውርደው፤ ጠዋት ብቻ ይጠቀምበት። በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ የተከበረ ፎቶ ይሰጣል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጥቶ ሲመለስም፣ የቀዘቀዘውን ሌንስ እንደደረሰ ከቦርሳው ባያወጣው ጥሩ ነው፤ መስታወቱ ላይ ላብ ይይዛል። ልሽጠው ካለም ርቀት ፈላጊው የሚበዛው ያኔ ነውና ከመስከረም 21 በፊት ያውጣው።